በቅሎ አባቷን ስትጠየቅ

አንድ አገር አዲስ ክሩዝ ሚሳኤል ሠራሁ ብሎ በቴሌቪዥን ሲያሳይ ንግግሩን አልሰማም። ድምፁን ዝቅ አድርጌ የሚሳኤሉን ጭራ ነው የምመለከተው። ሞተሩ የት ላይ ነው? ሆዱ ሥር ተንጠልጥሏል ወይስ ገላው ውስጥ ተቀብሯል? አየር የሚስበው በየት በኩል ነው? ክንፉ ይታጠፋል ወይስ እንደ ተዘረጋ የሚኖር ነው? ባንዲራውና ጎኑ ላይ የተጻፈው መፈክር አያሳስቡኝም። ቀለም ማንኛውም ቀቢ በአንድ ቀን ይለውጠዋል።

ይህን አመል ያስያዘኝ አጎቴ ነው። በደርግ ዘመን የባሕር ኃይል ቴክኒሻን ነበር፤ ምጽዋም ዳህላክም ኖሯል። ሥርዓቱ ሲወድቅ ባሕሩም መርከቡም ቀርቶ አዲስ አበባ ውስጥ ከሁለት መኪና በላይ የማያስገባ ጋራዥ ከፈተ። እኔ በየክረምቱ ቁልፍ አቀባዩ ነበርሁ። «ኦሪጅናል ነው፣ ምንም አልተነካም» የሚል ሻጭ መኪና ሊያስመረምር ሲመጣ ጋሼ አይከራከርም። ሊብሬውን ይቀበልና ኮፈኑን ያስከፍታል፤ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር በጨርቅ ጠርጎ ከወረቀቱ ጋር ያስተያያል። አንዳንዱ ቁጥር በሞረድ ተፍቆ ሌላ ተመትቶበት ይገኝ ነበር። «እሱ ያለውን ሰማን፤ ሞተሩስ ምን ይላል?» ይለኛል ወደ እኔ ዞሮ።

የእስያ አገሮች ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ያሳዩንን ሚሳኤሎች በዚሁ ዓይን ልመለከታቸው ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ አንድ የቃል ነገር። በእኛ ዜና ሚሳኤል ሁሉ «ይወነጨፋል»። ቃሉ ለባሊስቲኩ ልክ ነው፤ ባሊስቲክ ሚሳኤል የወንጭፍ ድንጋይ ነው። መጀመሪያ ላይ በኃይል ይላካል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ የቀረውን መንገድ ሰማይ አቋርጦ በተላከበት ኃይልና በክብደቱ ይጨርሰዋል። ክሩዝ ሚሳኤል ግን ከድንጋይ ይልቅ ለወፍ ይቀርባል። ክንፍ አለው፣ ሞተሩ እስከ መጨረሻው ይሠራል፣ አብዛኛው ዓይነት መሬትን ወይም ማዕበልን ታክኮ ይበራል። መሬት ክብ ስለሆነች ራዳር ከአድማስ በታች ያለውን አያይም፤ ዝቅ ብሎ የሚመጣው ወፍ የሚታየው ደጃፍ ሲደርስ ነው። በአጭሩ አብራሪም መመለሻም የሌለው ትንሽ አውሮፕላን ነው። አውሮፕላን በመሆኑም የሠሪውን እጅ ይናገራል፤ ቧንቧ የሚመስሉ ባሊስቲክ ሚሳኤሎች ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፣ የክሩዝ ሚሳኤል ክንፍና የአየር ማስገቢያ ግን የቤተሰብ አፍንጫ ነው።

የእስያ ክሩዝ ሚሳኤሎች ትልቁ ቤተሰብ የሚወለደው በእስያ አይደለም። ከሞስኮ በስተ ሰሜን፣ ቮልጋ ወንዝ ዳር ባለች ዱብና በምትባል ከተማ ነው። ራዱጋ የተባለው የዲዛይን ቢሮ እዚያ በ1950ዎቹ ፒ-15 የተሰኘ ፀረ መርከብ ሚሳኤል ሠራ። ወፍራም፣ አጭር፣ በትክክል ትንሽ አውሮፕላን የሚመስል፣ ክብደቱ ሁለት ቶን ተኩል የሚጠጋ ነበር። ጥቅምት 21 ቀን 1967 የግብፅ ትንንሽ የጦር ጀልባዎች ከፖርት ሰይድ ወደብ ሆነው በዚህ ሚሳኤል የእስራኤልን ተዋጊ መርከብ ኤይላትን አሰጠሙ፤ 47 ሰዎች ሞቱ። የዓለም የባሕር ኃይሎች ከዚያ ቀን በኋላ ጀልባን መናቅ ተዉ።

የአጎቴ ሚሳኤል ይህ ነው። ሶቪየት ኅብረት ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ኦሳ የሚባሉ ፈጣን ጀልባዎች ሰጥታ ነበር፤ እያንዳንዷ ጀልባ በግራና በቀኝ አራት ትልልቅ በርሜል የሚመስሉ ማስወንጨፊያዎች ተሸክማለች፤ በየበርሜሉ ውስጥ ክንፉን የታጠፈ ፒ-15 አለ። ጋሼ ስለ ጦርነት ብዙም አያወራም። የሚያወራው ስለ ነዳጁ ነው። ሚሳኤሉ የሚበረው በፈሳሽ ሮኬት ሞተር ነው፤ አንዱ ጋን ነዳጅ፣ ሌላው ናይትሪክ አሲድ ይይዛል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላሉ። የሚሞላው ሰው ከራስ እስከ እግር የጎማ ልብስ ይለብሳል። በምጽዋ ሙቀት የጎማ ልብስ! ቀኝ እጁ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ የሳንቲም ያህል ጠባሳ አለው። «የሩሲያ ጓንት ለሩሲያ እጅ ነው የተሰፋው፤ ለእኔ ይሰፋኝ ነበር» ይላል፤ ከዚያ በላይ አላብራራልኝም።

ቻይና ፒ-15ን ያገኘችው ከሞስኮ ጋር ፍቅር በነበረበት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ወዲያው ፍቅሩ ፈረሰ፤ ሶቪየቶቹ መሐንዲሶቻቸውን በ1960 ጠርተው ወሰዱ። ቻይናውያኑ ናሙናውንና ወረቀቱን ይዘው ቀሩ። የቅጂው ልጆች ሃይ ይንግ ተባሉ፣ የባሕር ንስር ማለት ነው፤ ምዕራባውያን ግን «የሐር ትል» አሏቸው። ይህ ትል በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ለሁለቱም ወገን ተሸጠ። ጥቅምት 16 ቀን 1987 የኢራኑ የአሜሪካን ባንዲራ የምታውለበልብ ሲ አይል ሲቲ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብን ኩዌት ውኃ ላይ መታ። በየካቲት 1991 የኢራቁ ሚዙሪ የተባለውን የአሜሪካ የጦር መርከብ ሊመታ ሲበር ግሎስተር የተባለ የእንግሊዝ መርከብ በአየር ላይ አነደደው። ሰሜን ኮሪያም ከዚሁ ዘር አርብታለች።

ቻይናውያኑ ግን ሲቀዱ አልኖሩም፤ ይህን አለማለት ግፍ ነው። ወፍራሙን ገላ ትተው ቀጭኑን ሲ-801 ሠሩ፤ ቀጥሎም የሮኬት ሞተሩን አየር በሚስብ የጄት ሞተር፣ በቱርቦጄት፣ ለውጠው ሲ-802ን አወጡ። በመልክ ፒ-15ን ምንም አይመስልም፤ አዲስ ትውልድ ነው። ኢራን ገዛችው፣ ኑር ብላ በራሷ መሥራት ጀመረች። ሐምሌ 14 ቀን 2006 ከሊባኖስ ባሕር ዳርቻ የተተኮሰ የዚህ ቤተሰብ ሚሳኤል ሃኒት የተባለችውን የእስራኤል የጦር መርከብ መትቶ አራት መርከበኞች ገደለ። ጋሼ ይህን በዜና ሲሰማ «እንደገና ኤይላት» አለ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዘር ልሂድ፤ በጣም የሚያስደስተኝ ይህ ነው። ዱብና ያለው ያው ራዱጋ ቢሮ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኬኤች-55ን ለሶቪየት አየር ኃይል አስረከበ። ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተለቅቆ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ውበቱ ግን ሆዱ ላይ ነው። ቱርቦፋን የተባለው የጄት ሞተሩ ገላው ውስጥ ተጣጥፎ ይተኛል፤ ሚሳኤሉ ከአውሮፕላኑ ሲለቀቅ ክንፎቹ ይዘረጋሉ፣ የሆዱ በር ይከፈታል፣ ሞተሩ በአንድ ክንድ ተንጠልጥሎ ወደ ውጭ ይወርዳል፣ ከዚያ ይነሣል። የሚያርፍ አውሮፕላን ጎማውን እንደሚያወርድ አስቡት። እንዲህ የተደረገው በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ብዙ ሚሳኤል ለማጨቅ ነው። አሜሪካውያኑ ቶማሃውክ ለተባለው ክሩዝ ሚሳኤላቸው ሌላ መንገድ መርጠዋል፦ ሞተሩ ውስጥ ይቀራል፣ ከሆዱ ሥር ትንሽ የአየር አፍ ብቻ ይወጣል። እነዚህን ሁለት መልኮች ያወቀ ሰው የእስያን ሰልፍ ግማሹን ማንበብ ይችላል።

የኬኤች-55 ሞተር የሚመረተው ዛፖሪዢያ ውስጥ ነበር፤ ዩክሬን። ሶቪየት ሲፈርስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሚሳኤሎች ዩክሬን ምድር ላይ ቀሩ። አብዛኛውን በ1999 ለሩሲያ በጋዝ ዕዳ ምትክ አስረከበች። ጥቂቱ ግን በሌላ በር ወጣ። በመጋቢት 2005 የዩክሬን ዋና ዐቃቤ ሕግ ስቪያቶስላቭ ፒስኩን 12 ሚሳኤሎች ወደ ኢራን፣ 6 ወደ ቻይና በድብቅ መሸጣቸውን አመኑ። ሽያጩ የተፈጸመው በ2000 አካባቢ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ገዢው የሩሲያ መንግሥት የጦር መሣሪያ ድርጅት ነበር። የተፈቀ ሊብሬ ማለት ይህ ነው።

አሥር ዓመት አለፈ። በመጋቢት 2015 ኢራን ሱማር የተባለ ሚሳኤል አሳየች፤ ስሙ በኢራቅ ጦርነት የፈረሰች የድንበር ከተማ ናት። ባለሥልጣኖቹ የኢራን ሊቃውንት ፍሬ መሆኑን ተናገሩ። እኔ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ነበር። ከጭራው ሥር ሞተር ተንጠልጥሏል! ክብ አፍንጫ፣ መካከል ላይ ቀጥ ያሉ ክንፎች፣ ከመሬት እንዲነሣ ኋላው ላይ የተቀጠለ ማስወንጨፊያ ሮኬት። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች።

ሆኖም በዚህ ብቻ ስቆ ማለፍ የሰነፍ ፍርድ ነው። በ2019 ኢራን ሆቬይዜህን አመጣች፣ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል አለች፤ ሞተሩ ግን ቱርቦፋን መሆኑ ቀርቶ ቱርቦጄት ሆነ። በጋራዥ ቋንቋ ልንገራችሁ፦ ቱርቦፋን ነዳጅ ቆጣቢ ነው፣ ግን ሁለት ዓይነት የአየር መንገድ፣ የረቀቁ ምላጮች፣ ሙቀት የሚችል ብረት ይጠይቃል። ቱርቦጄት ነዳጅ ጠጪ ነው፣ ግን ቀላልና ርካሽ ነው። ኢራናውያኑ የሩሲያን ሞተር መቅዳት ስለከበዳቸው ወይም ስለተወደደባቸው ወደ ቀላሉ ወረዱ ብዬ አምናለሁ። መውረዱም ጠቀማቸው። በ2019 ክረምት የየመን ሁቲዎች ቁድስ-1 ያሉትን አሳዩ። ይህኛው ከሱማር በጣም ይቀጥናል፣ ክንፉ አይታጠፍም፣ ሞተሩም አንድ የቼክ ኩባንያ ለሰው አልባና ለተንሸራታች አውሮፕላኖች የሚሠራውን ቲጄ100 የተባለ ትንሽ ቱርቦጄት ይመስላል። አያቱ ከፍተኛ መኮንን ነበሩ፣ የልጅ ልጁ ሊስትሮ ሆነ እንደማለት ነው፤ ሊስትሮው ግን ከአያቱ የበለጠ ሠራ። መስከረም 14 ቀን 2019 በሳዑዲ አረቢያ አብቃይቅና ኹራይስ ላይ በደረሰው ጥቃት የአገሪቱ የነዳጅ ምርት ግማሽ ያህሉ ለጊዜው ቆመ። ሳዑዲዎች ከስብርባሪው 7 ክሩዝ ሚሳኤሎችና 18 ሰው አልባ አውሮፕላኖች ቆጥረው አሳዩ። ሁቲዎች እኛ ነን አሉ፣ ሳዑዲና አሜሪካ ኢራን ናት አሉ፣ ኢራን አይደለሁም አለች።

ስድስቱ ኬኤች-55 የደረሷት ቻይናስ? በ2009 የጥቅምት ሰልፍ ላይ ረጅም ርቀት የሚበረው ክሩዝ ሚሳኤሏ ቱቦ ውስጥ እንደ ታሸገ በአደባባይ አለፈ። ሆዱን አላሳዩንም፤ አሠራሩ ግን ወደ ቶማሃውክ ያደላል ይባላል። ከሩሲያው ምን እንደተማሩበት ቆዳውን ገልጠን አላየንም፤ ቻይና ግን ከሁሉም ቤት ቀምሳ የራሷን ወጥ ሠርታለች።

ቶማሃውክ ራሱ ወደ እስያ የገባበት መንገድ ደግሞ ከልቦለድ የተወሰደ ይመስላል። ነሐሴ 20 ቀን 1998 አሜሪካ በናይሮቢና በዳሬ ሰላም ኤምባሲዎቿ ላይ ለደረሰው ፍንዳታ አጸፋ ስትሰጥ ከዓረብ ባሕር ወደ አፍጋኒስታን ቶማሃውኮች ላከች፤ በዚያው ምሽት ጎረቤታችን ሱዳን፣ ካርቱም ውስጥ፣ የአል ሺፋ መድኃኒት ፋብሪካም ተመታ። ወደ አፍጋኒስታን የሚሄዱት በፓኪስታን ሰማይ ላይ ማለፍ ነበረባቸው፤ ሳይፈነዳ ባሎቺስታን በረሃ ላይ የወደቀ ተገኘ። ሰባት ዓመት ቆይቶ ነሐሴ 11 ቀን 2005 ፓኪስታን ባቡር በተባለ የድሮ ንጉሥ ስም የጠራችውን የመጀመሪያ ክሩዝ ሚሳኤሏን ሞከረች። ቀኑ የፕሬዚዳንት ሙሻራፍ የልደት ቀን ነበር፣ ከስጦታ ሁሉ ይህ ይለያል። ፓኪስታን የራሴ ነው ትላለች። መልኩ፣ ከሆዱ ሥር የሚወጣው የአየር አፍ፣ መካከሉ ላይ ያሉት ክንፎች፣ ሁሉም ከበረሃው እንግዳ ጋር ይገጥማሉ። ግን መልክ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ከድምፅ በታች የሚበር፣ ነዳጅ የሚቆጥብ፣ በቱቦ ውስጥ የሚታሸግ ሚሳኤል እንዲሠራ የታዘዘ መሐንዲስ ሁሉ ወደዚያው ቅርጽ ይደርሳል። ዓሣ ከየትም ባሕር ቢወጣ ዓሣ ይመስላል። ስለ ባቡር ያለኝ ጥርጣሬ ከግማሽ አያልፍም።

ሕንድ የአባቷን ስም ስታወጣ አላፈረችም፣ ይህን አከብርላታለሁ። ብራሞስ የሚለው የሚሳኤሏ ስም ከብራህማፑትራና ከሞስክቫ ወንዞች የተቆረጠ ነው፤ ሁለቱን ወላጆች በአንድ ቃል ተሸክሟል። ስምምነቱ በየካቲት 1998 ተፈረመ፣ ሚሳኤሉ ሰኔ 12 ቀን 2001 ኦዲሻ ውስጥ ቻንዲፑር ላይ በረረ። ዘሩ ሞስኮ አጠገብ ሬውቶቭ ያለው ቢሮ የሠራው ኦኒክስ ነው። ያንን ቢሮ ያቋቋመው ቭላድሚር ቼሎሜይ በ1944 የተሰጠው ሥራ ምን ነበር? ለንደን ላይ ይዘንብ የነበረውን የጀርመን ቪ-1 ስብርባሪ አይቶ የሶቪየት ቅጂ መሥራት። አያት ተብሎ የሚኮራበትም ሲፈተሽ ከሌላ ሰው ቤት የመጣ ሆኖ ይገኛል።

ብራሞስ ከላይ ከተናገርኋቸው ሁሉ በባሕርይ ይለያል። እነርሱ ድመት ናቸው፣ ዝቅ ብለው አድብተው ይመጣሉ፤ እርሱ የሚያስፈራራው በፍጥነቱ ነው፤ ከድምፅ ሦስት እጥፍ ለመድረስ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሞተሩ ራምጄት ነው፤ የሚሽከረከር ምላጭ የለውም፣ አፍንጫው ላይ የሚገባው አየር በገዛ ፍጥነቱ ተጨምቆ ነዳጅ ያቃጥላል። ቆሞ ግን ሊነሣ አይችልም፤ መጀመሪያ በጠንካራ ነዳጅ ሮኬት መገፋት አለበት። እንደ ድሮ ባትሪው የሞተ ቮልስዋገን፣ ተገፍቶ ነው የሚነሣው። ሦስት ቶን የሚመዝነውም ለዚህ ነው። የመጀመሪያው መምቻ ርቀት 290 ኪሎ ሜትር ነበር። ለምን 300 አልሆነም? ሩሲያ አባል የሆነችበት የሚሳኤል ቴክኖሎጂ ቁጥጥር ስምምነት ለሌላ አገር የሚሰጠውን መስመር 300 ላይ ስላሠመረ ነው። ሕንድ በ2016 ራሷ የስምምነቱ አባል ስትሆን ርቀቱ መርዘም ጀመረ። ብረቱ ያው፣ ወረቀቱ ተለወጠ።

ይህን ፍጥነት ዓለም በጥሩ ሁኔታ ያየው በስህተት ነው። መጋቢት 9 ቀን 2022 አንድ የሕንድ ብራሞስ በጥገና ላይ ሳለ አምልጦ ድንበር ተሻገረ፣ በፓኪስታን ሰማይ 124 ኪሎ ሜትር በርሮ ሚያን ቻኑ የምትባል ከተማ አጠገብ ወደቀ። ፈንጂ አልያዘም፣ የሞተ ሰው የለም። ሁለት ኒውክሌር የታጠቁ አገሮች፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያለቀ ነገር። ሦስት መኮንኖች ከሥራ ተሰናበቱ። ታይዋን ግን እንዲህ አልታደለችም፤ ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዙኦዪንግ ወደብ ላይ በልምምድ ፍተሻ ጊዜ የራሷ ሥሪት የሆነው ባለ ራምጄቱ ህሲዩንግ ፌንግ-3 በስህተት ተተኩሶ ወደ ቻይና አቅጣጫ በረረ፣ የራሷን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ መትቶ ካፒቴኑን ገደለ። ቀኑ የቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ 95ኛ ልደቱን የሚያከብርበት ነበር።

ሁለቱ ኮሪያዎች አጭር ግን ደስ የሚል ነገር አላቸው። ደቡቧ ከ1979 ጀምሮ ከአሜሪካ ጋር በገባችው ውል የባሊስቲክ ሚሳኤሏ ርቀት ተገድቦ ኖረ፤ በኋላ የተሻሻለው ውል ግን ቀላል ፈንጂ የሚሸከም ክሩዝ ሚሳኤልን አልከለከለም። መሐንዲሶቿ በዚያ ቀዳዳ ገብተው 1,500 ኪሎ ሜትር የሚደርሰውን ህዩንሙ-3 ሠሩ፤ ስሙ በአፈ ታሪካቸው ሰሜንን የሚጠብቀው ጥቁር ኤሊ ነው። ውሉ በ2021 ተቀደደ። ሰሜኗ ደግሞ በዚያው ዓመት በመስከረም ረጅም ርቀት የሚበር ክሩዝ ሚሳኤል ሞከርሁ፣ 1,500 ኪሎ ሜትርን በ7,580 ሴኮንድ ጨረሰ አለች። እርሳስ አነሣሁ። በሰዓት 712 ኪሎ ሜትር ይመጣል። መንገደኛ አውሮፕላን ይቀድመዋል፤ ለትንሽ ቱርቦፋን ሞተር ግን ልከኛ ቁጥር ነው። ዋሽተው ከሆነ የዋሸው ሰው ሞተር ያውቃል።

ከዚህ ሁሉ ማየት በኋላ የማምነው አንድ ነገር አለ፤ ገላ መቅዳት ቀላል ነው፣ ኮምፒውተርና የሳተላይት መሪ ከገበያ ይገኛል፣ ሞተር ግን መጨረሻ ላይ ነው አገር ቤት የሚገባው። የቻይናው ሲ-802 መጀመሪያ ላይ በፈረንሳይ ቱርቦጄት በረረ። ሶም የተባለው የቱርክ ሚሳኤልም እንደዚሁ ከፈረንሳይ ሞተር ተነሥቶ ነው ካሌ የተባለው የአገሩ ኩባንያ የሠራውን የጠበቀው። ኒርባይ የተባለው የሕንድ ሚሳኤል በ2013 ሲሞከር በሩሲያ ሞተር ነበር፣ በመካከሉ መንገድ ስቶ እንዲቋረጥ ተደረገ፤ ማኒክ የተባለው የሕንድ ቱርቦፋን በተከታዩ ሚሳኤል ላይ ሆኖ በሚያዝያ 2024 በደንብ በረረ። አሥራ አንድ ዓመት። ምላጩን ለማፍሰስ፣ ሙቀቱን ለመቻል፣ ለዓመታት መጋዘን ውስጥ ተኝቶ በአንድ ቁልፍ እንዲነሣ ለማድረግ የሚፈጀው ጊዜ ነው። አንድ አገር «ሙሉ በሙሉ በራሳችን» ሲል ሞተሩ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ባገኝ ምሳ እጋብዘዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ፋሲካ ጋሼ ቤት ነበርሁ። ዓይኑ ደክሟል፣ ጋራዡን ለልጁ ሰጥቷል። ቀይ ባሕር ላይ ስለሚሆነው በሬዲዮ ይከታተላል፤ ሁቲዎች መርከብ መቱ ሲባል ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው «በየት በኩል?» ብሎ ነው፣ ደሴቶቹን በቃሉ ያውቃቸዋል። በ2016 ከአሰብ ይመላለስ የነበረ ስዊፍት የተባለ የኤምሬትስ መርከብ ሞካ አጠገብ ሲመታ ቦታውን ጠረጴዛ ላይ በስኳር ሥሎ አሳይቶኝ ነበር። በስልኬ ሁቲዎች በ2022 ሆዴይዳ ላይ ያደረጉትን ሰልፍ ፎቶ አወጣሁለት። የኢራን ዘመዶች የሆኑትን ቀጫጭኖቹን አልፎ አንዱ ላይ ቆመ። ከመኪና ላይ የተጫነ፣ ወፍራም፣ ከድሮው የየመን ጦር የተወረሰ ሩቤዥ ነበር፣ የፒ-15 ቤተሰብ። መነጽሩን አልፈለገም።

«ይቺ የእኛ ናት» አለ።

አዎ አልሁት፣ የእናንተዋ እኅት ናት።

ስልኩን ወደ ዓይኑ አቀረበው፣ ሚሳኤሏን ትቶ አጠገቧ የቆሙትን ወጣቶች ማየት ጀመረ። «አሁንም በአሲድ ነው የሚሞሏት?»

«ይቺኛዋን አዎ። ሌሎቹ አይፈልጉም።»

«ከላስቲኩ ሥር የጨርቅ ጓንት ይደርቡ» አለ። «ይሰፋቸዋል።»